በጸሎት ቤት የተነፈገ እርዳታ



ፍሬድ ዚንማን እ.ኤ.አ. በ1952 ያዘጋጀው «ሃይ ኑን» የተሰኘው የካውቦይ ፊልም የሚታወቀው በተኩሱ ነው፤ እኛን የሚመለከተን ግን በእሑድ ጸሎት መካከል የሚታየው ክፍል ነው። ሕግ አስከባሪው ዊል ኬን ሊገድሉት የሚመጡትን አራት ወንበዴዎች አብረውት የሚቋቋሙ ሰዎች ፍለጋ ወደ ጸሎት ቤቱ ይገባል። ጥቂቶች ፈጥነው ይነሣሉ፤ ወዲያው ግን ክርክር ይጀመራል። ሰባኪው ሲጠየቅ የሚለው ይጠፋዋል። ከንቲባውም ኬንን አወድሶ ሲያበቃ ከተማውን ለቅቆ እንዲሄድ ይመክረዋል። ተከትሎት የወጣ አንድም አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ የኬንን ውለታ በአፋቸው ይመሰክራሉ፤ ፍርሃታቸውም የሰው ፍርሃት ነው። እኛስ? መሬቷን በግፍ የተነጠቀች መበለት በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ምስክር የሚሆነኝ ማን ነው?» ብትለን፣ ከመካከላችን ማን አብሯት ይወጣል?