የባሕሩ ፈቃድና የዳኛው ሸክም

ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ አደጋ ሲገባ፣ ያንን አደጋ አዘጋጅቶ የጠራው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዱ ወገን «ወድዶ የገባበት ነውና ዕዳው የራሱ ነው» ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «ተጠያቂው የጠራው ሰው ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም መልሶች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሽ እውነትም ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ለመታረም ያስቸግራል። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ግልጽ ምሳሌ መርምረን ለማየት አስበናል። ምሳሌያችን ከአገራችን ልማድ ራቅ ያለ ቢሆንም የጥያቄውን ሥር አጉልቶ የሚያሳይ ነው፤ ይኸውም በባሕር ማዕበል ላይ በካያክ የሚደረግ ውድድር ነው።

ካያክ ማለት በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ለባሕር አደን ሲገለገሉበት የኖሩት ጠባብ ታንኳ ነው። ቀዛፊው እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በታንኳው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በወገቡ ላይ የሚታሰረው ሽፋንም የታንኳውን አፍ ስለሚዘጋው ውኃ አይገባበትም። ታንኳው ቢገለበጥ፣ የሠለጠነ ቀዛፊ ሳይወጣ በመቅዘፊያውና በወገቡ ኃይል መልሶ ያቃናዋል። ይህ የአዳኞች መሣሪያ ከጊዜ በኋላ የጨዋታም ዕቃ ሆነ። ቀዛፊው ከዳር ራቅ ብሎ ማዕበል ይጠብቅና፣ ማዕበሉ ከኋላው ሲያነሣው ፊቱን ወደ የብስ መልሶ በቁልቁለቱ ላይ ይንሸራተታል። በውድድር ጊዜ ጥቂት ተወዳዳሪዎች ቀለሙ የተለያየ ሰደርያ ለብሰው በአንድነት ይገባሉ፤ በተወሰነላቸው ደቂቃም ውስጥ ማዕበል እየመረጡ ይጋልባሉ። ዳኞች በየብስ ላይ ሆነው ለየግልቢያው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከእያንዳንዱም ተወዳዳሪ የተሻሉት ግልቢያዎች ተደምረው አሸናፊው ይለያል።

ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ ውበት ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ሺህ ኪሎ ያህል እንደሚመዝን ማስታወስ ይገባል። ማዕበል ጥልቀት ወደሌለው ስፍራ ሲደርስ ግርጌው ይዘገያል፣ አናቱ ግን ይቀድማል፤ ቁመቱም ከውኃው ጥልቀት አራት አምስተኛ ያህል በሆነ ጊዜ ይሰበራል። ወደ ዳር የተገፋው ውኃ መመለሻ ስለሚያስፈልገው በጠባብ መንገድ ተሰብስቦ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ይህን ወራጅ ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ፊት ለፊት ታግሎ አያሸንፈውም፤ ማምለጫው ወደ ጎን መዋኘት ነው። ከዚህም በላይ ታንኳው ራሱ ጫፉ ጠንካራ የሆነ ከባድ ዕቃ ነው። ማዕበሉ ወደ ጎን ያዞረው እንደሆነ ቀዛፊው ሊመራው ሳይችል እስከ ዳር ድረስ ሊነዳው ይችላል፤ በመንገዱ ላይ የሚዋኝ ሕፃን ቢኖር የሚደርሰው ጉዳት ግልጽ ነው። እንግዲህ አደጋው የተወዳዳሪው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ውድድሩ ደንብ አለው። ወደሚሰበረው የማዕበሉ ክፍል ይበልጥ የቀረበው ቀዛፊ የመቅደም መብት አለው፤ በፊቱ የገባበት ሰው ይቀጣል። ተወዳዳሪው የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይለብሳል። የታንኳው ሆድ በአየር ከረጢት ይሞላል፤ ይህም ውኃ ቢገባበት እንዳይሰምጥ ነው። የወገቡ ሽፋን መፍቻ ማሰሪያ ከውጭ መታየት አለበት፤ ይኸውም በውኃ ውስጥ ተገልብጦ የቀረ ሰው በአንድ እጁ ስቦ እንዲወጣ ነው። የዋናተኞች ስፍራ ከተወዳዳሪዎች ስፍራ ይለያል። ወደ ውኃ የገባው ሰው ይቈጠራል፣ የወጣውም ይቈጠራል። ነፍስ አዳኞች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ውድድሩን የሚያስቆመው ምልክትም ሁሉ ሰው እንዲያውቀው አስቀድሞ ይነገራል። ምልክቱን የመስጠት ሥልጣን ያለውም ሰው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይታወቃል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አንንቀውም። «ባሕር የነጻነት ስፍራ ነው፤ በደንብ ካጠራችሁት ጀግንነት ምን ትርጉም ይኖረዋል? ፍርሃት የሌለበት ጨዋታስ የጎበዝ ጨዋታ ነውን?» የሚሉ አሉ። አባባሉ የሚማርክ ቢሆንም አንድ ነገር ይዘነጋል። የመቅደም ደንብ በሌለበት ባሕር ነጻ የሚሆነው ማን ነው? ጉልበተኛውና ኀፍረት የለሹ ብቻ ነው። ትዕግሥተኛው ቀዛፊ ጥሩውን ማዕበል ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ሲነሣ ሌላው በፊቱ ቢገባበት፣ ወይ መተው ወይ መጋጨት ግዴታ ይሆንበታል። በአገራችን የገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ በሚጋጠሙበት ዘመን፣ ጌታው ቢመታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዝ ነበር። ይህ ልማድ ባይኖር ኖሮ ሎሌው በሙሉ ኃይሉ ሊጫወት አይችልም ነበር። ስለዚህ መልካም ደንብ ጀግንነትን አያጠፋም፤ ጀግንነት ከማዕበሉ ጋር እንዲሆን እንጂ ከባልንጀራ ጋር እንዳይሆን ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ተወዳዳሪው ፈቅዶ ገብቷል፤ ይሁን። ግን የፈቀደው ምንን ነው? የፈቀደው የማዕበሉን ኃይል፣ የውኃውን ብርድ፣ የመገልበጡን ድንጋጤ ነው። የነፍስ አዳኙን አለመኖር፣ የአየሩን ሁኔታ ያልጠየቀውን አዘጋጅ፣ ያልተቈጠረውን ሰው ግን አልፈቀደም። በጨዋታው ባሕርይ ውስጥ ያለ አደጋ አለ፤ በሰው ቸልታ የሚጨመርበትም አደጋ አለ። ፈቃድ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የዚህን ልዩነት ዋጋ የእንግሊዝ ሕዝብ በመራራ መንገድ ተምሮታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 22 ቀን 1993 ዓ.ም. ስምንት ተማሪዎች ከአንድ መምህራቸውና ከሁለት አሠልጣኞች ጋር ሆነው በደቡብ እንግሊዝ በላይም ባሕረ ሰላጤ በካያክ ተጓዙ። የታንኳቸውን አፍ የሚዘጋ ሽፋን ለተማሪዎቹ አልተሰጣቸውም፤ የአደጋ ምልክት የሚያሳዩበትም የርችት መብራት አልነበራቸውም። ነፋሱ ወደ ባሕሩ ውስጥ ወሰዳቸው፤ ታንኳዎቹም ውኃ ሞሉ። የነፍስ አዳኞቹ ጥሪ በጣም ዘግይቶ ስለደረሰ አራት ተማሪዎች ሞቱ። ከዚያ ቀደም በሥራው ላይ የነበሩ አሠልጣኞች ስለ ጥንቃቄው ጉድለት በጽሑፍ አስጠንቅቀው እንደነበር በኋላ ታወቀ። በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኃላፊውን ብቻ ሳይሆን ድርጅቱን ራሱን በነፍስ ማጥፋት ጥፋተኛ አደረገው፤ በዚያ አገር አንድ ድርጅት በዚህ ወንጀል ሲፈረድበት ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት ወጣቶችን ወደ እንደዚህ ያለ ሥራ የሚወስዱ ድርጅቶች በፈቃድና በቁጥጥር እንዲሠሩ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። እነዚያ ልጆች ባሕሩን ለማየት ፈቅደው ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ሳለ ሳይሰማ መቅረቱን ግን አልፈቀዱም።

«እነዚያስ ልጆች ናቸው፤ ዐዋቂ ሰው ግን ራሱን ያውቃል» ይባል ይሆናል። በእርግጥ የመርከብ እሽቅድድም ዓለም አቀፍ ደንብ ለመወዳደርም ሆነ ውድድሩን ለመቀጠል የመወሰንን ኃላፊነት በተወዳዳሪው ላይ ይጥላል። ይህ ትክክል ነው፤ የባለታንኳውን ጉልበትና የልቡን ሁኔታ ከራሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ሆኖም ውድድር ራሱ የሰውን ዳኝነት ያደክማል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባሕሩን አይቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው፣ ተመልካች በተሰበሰበበት፣ ሩቅ መንገድ በመጣበት፣ ተቀናቃኙም በገባበት ቀን «እኔ እቀራለሁ» ለማለት ይከብደዋል። ይህን ጫና የፈጠረው አዘጋጁ ነው። ጫናውን የፈጠረ ሰው «እርሱ ራሱ መረጠ» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይገባውም። ደግሞም ነፍስ አዳኙን እናስብ። ተወዳዳሪው ለክብር ሲል ሊሞት ይፈቅድ ይሆናል፤ እርሱን ለማውጣት የሚገባው ሰው ግን ከዚያ ክብር ምንም ድርሻ የለውም።

እዚህ ላይ ራሳችንንም መጠርጠር ይገባናል። ደንብ ሁሉ የርኅራኄ ልጅ አይደለም። አንዳንዱ ደንብ የሚወጣው ተወዳዳሪውን ለማዳን ሳይሆን አዘጋጁን ከክስ ለማዳን ነው። በውድድሩ ጧት ለተወዳዳሪው የሚቀርበው የፊርማ ወረቀት «ለሚደርስብኝ ሁሉ ኃላፊው ራሴ ነኝ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ወረቀት የአንድ ሰው ራስ ከድንጋይ አይድንም። እንዲሁም ትንሽ ነፋስ ባየ ቁጥር ውድድር የሚሰርዝ አዘጋጅ አለ፤ እርሱም የሚያስበው ለሰው ነፍስ ሳይሆን ለራሱ ስም ነው። ስለዚህ ደንብን ለመመርመር አንድ አጭር ጥያቄ እናቀርባለን፦ ይህ ደንብ የሚጠብቀው ማንን ነው? ውኃው ውስጥ ያለውን ከሆነ ይጽና፤ ወንበር ላይ ያለውን ብቻ ከሆነ ግን እንደገና ይታሰብበት።

አዘጋጁን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈትነው ቀን ነው። ቀኑ ተቈርጧል፣ እንግዶች መጥተዋል፣ ገንዘብ ወጥቷል፤ ባሕሩ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። በሃዋይ በኦአሁ ደሴት፣ በዋይሜያ ባሕረ ሰላጤ፣ በኤዲ አይካው ስም የሚጠራ የማዕበል ግልቢያ ውድድር አለ። አይካው በዚያው ስፍራ ነፍስ አዳኝ የነበረ ሰው ነው፤ በ1978 ዓ.ም. ሆኩሌያ የተባለችው ታንኳ በተገለበጠች ጊዜ ለጓደኞቹ ርዳታ ለማምጣት በሰሌዳው ላይ ሆኖ ሄደ፤ ጓደኞቹ ዳኑ፣ እርሱ ግን ሳይመለስ ቀረ። በስሙ የተሰየመው ውድድር የሚደረገው የማዕበሉ ፊት ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል ሲደርስ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ እስከ 2023 ዓ.ም. ድረስ ሳይደረግ ቆይቷል። በእርግጥ እዚያ የሚጠበቀው ማዕበሉ እንዲያንስ ሳይሆን እንዲያድግ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ሰባት ዓመት መጠበቅ የቻለ አዘጋጅ ባሕሩን ለቀኑ አላስገዛም፤ ቀኑን ለባሕሩ አስገዛ እንጂ። ማዕበሉ ከተወዳዳሪዎቹ ችሎታ በላይ በሆነበት ጧትም «ዛሬ አይሆንም» ለማለት የሚያስፈልገው ይኸው ትዕግሥት ነው።

በመጨረሻም ደንብ ራሱ ከራሱ በላይ የሆነ ነገር እንዳለ ማወቅ አለበት። በ1988 ዓ.ም. በሴኡል የኦሊምፒክ ጨዋታ የመርከቦቹ እሽቅድድም በፑሳን ሲደረግ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። የካናዳው ሎረንስ ለሚዩ ለብቻው እየቀዘፈ ሳይሆን በሸራ እየነዳ በሁለተኛነት ሲጓዝ፣ በሌላ ምድብ ይወዳደሩ የነበሩ ሁለት የሲንጋፖር ሰዎች ጀልባቸው ተገልብጦ ተጎድተው በውኃ ላይ አየ። መንገዱን ትቶ ሄደ፤ ሁለቱንም አወጣ፤ የሚረከባቸውም ጀልባ እስኪመጣ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ውድድሩ ቢመለስም ብዙዎች ቀድመውት ነበር። ዳኞቹ ግን የዚያን ውድድር ሁለተኛነት መለሱለት፤ የፒየር ደ ኩበርተንም ሜዳልያ ተሰጠው። በመርከብ እሽቅድድም ደንብ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት ግዴታ ነው። ዳኞቹም ግዴታውን የፈጸመ ሰው በመፈጸሙ እንዳይከስር አደረጉ። የመልካም ደንብ ፍጻሜ ይህ ይመስለናል፤ በጎ ሥራን ማዘዝ ብቻ ሳይሆን በጎ የሠራው ሰው እንዳይጎዳ መጠበቅ።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የገባው ሰው ለምርጫው ይጠየቃል፤ የጠራው ሰው ግን ምርጫው እውነተኛ ምርጫ እንዲሆን ስላደረገውና ስላላደረገው ይጠየቃል። ይህም ለባሕር ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ተማሪዎቹን ለትምህርት ጉዞ ወደ ተራራ የሚወስድ መምህር፣ ሠራተኞችን ወደ ከፍተኛ ሕንፃ የሚያወጣ ኃላፊ፣ ወጣቶችን ለሩጫ የሚጠራ ባለሥልጣን፣ ሁሉም በዚያ የባሕር ዳር ወንበር ላይ የተቀመጡ ዳኞች ናቸው። ሲመሽ ማወቅ የሚገባቸውም የመጀመሪያ ነገር ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን፣ የገቡት ሁሉ መውጣታቸውን ነው። ቈጠራው ሳይሞላ ሽልማት የሚሰጥ ዳኛ ገና ሥራውን አልጨረሰም።