ስም መጥራትና ስም መቁጠር

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ታቦር ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ እሱም በተራው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኗል። ሰላምታችን በወጉ ሳያልቅ፣ «ጋሼ፣ ጉድ ልንገርዎ! አባቴ በውጭ አገር ጆርናል ላይ ተጠቀሱ» አለኝ።

አባቱን አውቃቸዋለሁ። የጉና ሥር ገበሬ ናቸው። ገብስና ድንች እንጂ የጥናት ጽሑፍ አምርተው አያውቁም። ነገሩ ሲጣራ የተጠቀሰው ልጁ ራሱ ነው። ፈረንጁ ጸሐፊ በአገሩ ልማድ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ወሰደና የአባትየውን ስም በሙሉ አስፍሮ፣ የልጁን ስም አንዲት ፊደል አድርጎ ከኋላ አስቀረው። ልጅ ለፍቶ አባት ተጠቀሱ።

«ለመሆኑ ነገርካቸው?» አልኩት እየሳቅሁ።

«ነገርኳቸዋ! ስምዎ ፈረንጅ አገር ተነሳ ብላቸው፣ ‘በደግ ነው በክፉ?’ አሉኝ።»

አብረን ሳቅን። ከዚያ የደወለበትን ዋና ጉዳይ አመጣው። አዲስ ጽሑፍ ጨርሷል፤ በተባባሪ ጸሐፊነት የእኔን ስም ሊያስገባ ይፈልጋል። «አንድም ቃል አልጻፍኩ፣ ስሜ ምን ይሠራልሃል?» ብለው፣ «የታወቀ ስም ሲኖርበት ይነበባላ! ደሞ ውለታም አለብኝ» አለኝ። ላስብበት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይኸው እያሰብኩበት ነው።

መጀመሪያ የአባትየውን ነገር እንጨርስ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም አለን፤ የአባት ስም ይከተላል። ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴን የአገራቸው ተማሪ «ባሕሩ» ብሎ ሲጠቅሳቸው፣ ባሕር ማዶ ያለው ደግሞ «ዘውዴ» ይላቸዋል። አንዱ ሰው በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ሰው ይሆናሉ። ማስተካከል የማይቻል ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን አገር በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የመዘገበው በራሳቸው ስም ነው። የጠየቀ ሰው ያውቃል ማለት ነው። ቆጣሪው መሣሪያ ግን አይጠይቅም፤ የተሰጠውን ስም ይደምራል።

የሚገርመው፣ እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ስም በተቃራኒው መንገድም ተጉዞ ያውቃል። ፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱትን አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እኚህ ሰው የቀልድ አዋቂ ብቻ ሳይሆኑ የአቋቋም ሊቅም ነበሩ። እንደሚተረከው፣ የጣና ማዕበል ሲሄድና ሲመለስ አይተው የመቋሚያውን እንቅስቃሴ በዚያ አምሳል ቀመሩት። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አንቀበልም አሉ። ልጃቸው ተክሌ ግን ከአባቱ ተቀብሎ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ከዚያም ተስፋፋ። ዛሬ ስልቱ የሚጠራው በአባት ሳይሆን በልጅ ስም ነው፤ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ይሰጣል። ሞባይል ያልነበረበት ዘመን ሰው ሆነው ሳለ፣ ስለ ሞባይል የሚቀለደውን ሁሉ ሊሸከሙ ምንም አልቀራቸው! እንግዲህ አስቡት፤ ያልተናገሩት ቀልድ ባለቤት ሆኑ፣ የፈጠሩት ስልት ግን በሌላ ስም ተጠራ። የአለቃን ሥራ ስማቸው በተነሳበት ብዛት እንመዝን ብንል ቀልዱ ሰማይ ይነካል፤ አቋቋሙ ከቁጥር አይገባም።

ሆኖም የደብረ ታቦር ሰው ዋሽቷል አልልም። «ተክሌ» የሚለው ስም ትምህርቱን ማን እንዳስፋፋው ይመሰክራል። ማን ፈጠረው ብሎ ለሚጠይቅ ደግሞ ታሪኩ ከስሙ ጋር አብሮ ይነገራል። መፍጠርና ማስፋፋት ሁለት ነገር ናቸው፤ ለሁለቱም ምስክር አለ። ምስክሩ ግን ቁጥር ሳይሆን ትረካ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። ማውጫው በ1964 ወጣ። ዓላማው አንድ ሐሳብ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አንባቢው ተከትሎ እንዲያገኝ ነው፤ መልካም ዓላማ ነው። ውሎ አድሮ ግን መንገድ መፈለጊያው ሰው መመዘኛ ሆነ። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ተመራማሪ ዕድሜ ልክ ሥራ በአንዲት ቁጥር የሚገልጽ ስሌት አመጣ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ካሉህ ቁጥርህ አሥር ነው። አለቀ!

ቁጥርን ለመሳደብ አልተነሳሁም። የደረጃ ዕድገት በቁጥር ሳይሆን በመተዋወቅ ሲሰጥ ያየሁ ሰው ነኝ። ከኃላፊው ጋር ቡና የሚጠጣው ሲሾም፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያመሸው ሲቀር አይቻለሁ። ቁጥር ዘመድ የለውም። ለጉና ሥር ልጅ፣ አጎት ለሌለው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን የአባትየውን ጥያቄ እናስታውስ፤ በደግ ነው በክፉ? ቁጥሩ ይህንን መመለስ አይችልም። ስህተቱን ለማሳየት የተጠቀሰና ለምስጋና የተጠቀሰ ጽሑፍ እኩል አንድ አንድ ነው የሚቆጠርላቸው። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ስሙ የተጻፈው ሰው ሥራውን ይሥራው አይሥራው ቁጥሩ አያውቅም።

የማኅበራዊ ጥናት ሊቁ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለዚህ ነገር እጅግ የታወቀ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ላለው ይጨመርለታል የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል መነሻ አድርጎ፣ በሳይንስ ዓለም ምስጋናው ቀድሞ ስም ላለው ሰው እንደሚሄድ አሳየ። የጽሑፉ ዋነኛ ማስረጃ የተወሰደው ሃሪየት ዙከርማን የምትባል ወጣት ተመራማሪ የኖቤል ተሸላሚዎችን አነጋግራ ከሰበሰበችው ነው። ጽሑፉ ግን በመርተን ስም ብቻ ወጣ። በኋላ እሱ ራሱ፣ ጽሑፉ በሁለታችን ስም መውጣት ነበረበት ብሎ በማስታወሻ አመነ። በሽታውን ያገኘው ሐኪም ራሱም ታሞ ነበር ማለት ነው። ማመኑ ግን ያስመሰግነዋል።

እኔስ? ከሃያ ዓመት በፊት ይኸው ዛሬ የደወለልኝ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን በወፍጮ እንጉርጉሮ ላይ ሲሠራ አማካሪው ነበርኩ። ከመንደራቸው አንዲት አሮጊት ዘንድ አንድ ቀን አብሬው ሄጃለሁ። እማማ ጭስ በሞላው ጎጇቸው ተቀምጠው እያንጎራጎሩ፣ እኛ በቴፕ እየቀዳን ዋልን። በኋላ ጽሑፉን አሳጠርኩ፣ ቋንቋውን አቃናሁ፣ ለጆርናል ላክሁት። የእኔ ስም ፊት፣ የእሱ ስም ኋላ። የደረጃ ዕድገት ደርሶብኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጸሐፊ የሚሰጠው ነጥብ ይበልጣል። ልጁ አልተቃወመም። ምን ብሎ ይቃወማል? ውጤቱ በእጄ ነው።

እማማ ደግሞ «አንዲት መረጃ ሰጪ» ሆነው ቀሩ። ይህም ይሁን። እኔን ዛሬ ድረስ የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። ከእንጉርጉሮዎቹ አንዷን ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «ይችኛዋስ የራሴ ናት፤ እኔው ነኝ ያወጣኋት» ብለውን ነበር። ድምፃቸው በቴፑ ላይ አለ። ጽሑፋችን ግን፣ የቃል ግጥም ሁሉ የጋራ ነው በሚል ትምህርት፣ «ደራሲያቸው የማይታወቅ» ብሎ አለፈ። ደራሲዋ አጠገባችን ተቀምጣ! ያንን ትምህርት ለዓመታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከኛ የቀደሙት የተሻለ ያውቁ ነበር። ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተ ልሔም የወጣ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አምባ የደረሰ ተማሪ የሚጠየቀው «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ነው፤ ስንት ጊዜ ተጠቀስክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የአማራ ሰው የነበሩት አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍም ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ ተጋብዘው ሄደው ያወቁትን አካፈሉት። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም ምንጩ እሳቸው መሆናቸውን በስማቸው ተናገረ። ይህ በሆነ ጊዜ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ውለታው እንዲመለስ የሚጠይቅ አልነበረም። መጽሐፉ ዛሬም የሉዶልፍ ተብሎ ይቆጠራል፤ ግን አባ ጎርጎርዮስን ሳያነሳ ስለ ሉዶልፍ የሚያወራ ሊቅ የለም።

ዋቢ መጥቀስ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። እዳን በአደባባይ ማመን ነው። ስም ስንጠራ እዳችንን እንናገራለን፤ ስም ስንቆጥር ግን ሀብታችንን እናሰላለን። ሁለቱ ሲምታቱብን፣ ያልሠራ ሰው ስም እንደ ስጦታ ይሰጣል፤ የሠራ ሰው ስም እንደ ትርፍ ዕቃ ይጣላል።

እናላችሁ፣ ለልጁ መልሼ ደወልኩለት። ስሜን እንዳያስገባ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ወጉን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ በቅንነት ነው የተናገረው። ከወቀሳ ሁሉ የከበደኝም እሱ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሃያ ዓመት የዘገየ ይቅርታ።

ቀጥዬ፣ «የእማማ ስም ማን ነበር?» አልኩት። ሰፈሩ በበኩር ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ እኔ የልጅየውን ስም እንኳ ረስቼዋለሁ። እሱ ግን ትንፋሽ ሳይወስድ የራሳቸውን ስም፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ጭምር ነገረኝ። ካረፉ ሰነበቱ አለኝ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቻቸው ገና አልተጠየቁም። እሱ ጠይቆ ከፈቀዱለት፣ በአዲሱ ጽሑፉ ላይ ያቺ እንጉርጉሮ ከደራሲዋ ስም ጋር ትወጣለች። እዚያ ላይ ማንም አንድ ብሎ ላይቆጥርላቸው ይችላል። አባትየው «በደግ ነው በክፉ?» ብለው ቢጠይቁ ግን የምንመልሰው አለን።