በፍርሃት የተማርነው በጎ ሥራ ይጸናልን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሰው በፍርሃት ጊዜ የጀመረው በጎ ሥራ ፍርሃቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋልን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ መድኃኒት ቤት ነው።

እኔ የደም ግፊት ሕመምተኛ ነኝ። ቀድሞ በየወሩ እየተሰለፍሁ መድኃኒቴን ያለ አንዲት ቃል በመስኮት እቀበል ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ግን፥ ሰልፉ እንዳይበዛ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠኝ ጀመር። ፋርማሲስቷም ሦስት ወር አታየኝምና አወሳሰዱን ረጋ ብላ ታስረዳኝ ጀመር። በእንግሊዝ አገርም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈር መድኃኒት ቤቶች ክትባቱን ይሰጡ ነበር።

አንድ ወዳጄ «ይህ የፍርሃት ሥራ ነውና ምስጋና አይገባውም» ይለኛል። እኔ ግን የቀድሞውን አስታውሳለሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጀ በኋላ፥ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቀረ። ፍርሃቱ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልማዱ ግን አለ። ሆኖም ብዙ ሰው ምክንያቱን ረስቶ ጢሱን ብቻ ይዟል፤ በማግሥቱም ቆሻሻውን በየደጁ ይጥላል።

እንግዲህ በጎ ሥራን የሚያጸናው ልማድ ብቻ አይደለም፤ ለማን ጥቅም እንደሚደረግ ማወቅ ጭምር ነው። ያች ፋርማሲስት ዛሬም «አባባ፥ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ» ትለኛለች። የሚያስፈራት ነገር የለም። ሥራው አሁን የራሷ ሆኗልና ምስጋና ይገባታል።