የዘፈን ጥይት የት ያርፋል?

ባለፈው ሰሞን ሠርግ ላይ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ቀረርቶው ደመቀ። አንድ ጎልማሳ ከዘራውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ደግፎ ውጅግራውን እየጠራ አዳራሹን ይዞረዋል። እልልታው ቀለጠ። አጠገቤ የተቀመጠችው የሰባት ዓመት የእህቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ "ጋሼ፣ ማንን ሊመታ ነው?" አለችኝ።

ሳቅሁ። "ዝም ብሎ ዘፈን ነው" ብዬ አለፍኩት።

ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። መቼም ስለ ውጅግራ ያልሰማ የለም። በፉከራው፣ በሽለላው፣ በሬዲዮው፣ ኋላም በቪዲዮ ክሊፑ አለ። ስሙ የመጣው ግን ከባሕር ማዶ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ያወጡት፣ በመኮንኑ በባዚል ግራ ስም "ፉዚ ግራ" ያሉት ጠመንጃ ነው። በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ፤ ማንሊከር ምንሽር፣ ሌበል ደግሞ ለበን እንደሆኑት ማለት ነው። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ነው። ተኮስክ፣ ቀለሁን አወጣህ፣ ሌላ አጎረስክ። ፈረንሳዮች በ12 ዓመቱ በሌበል ተኩት። እነሱ የተዉትን እኛ ዘፈንለት።

ይህን የምለው ለማንኳሰስ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነበር። በቂ መሣሪያ ያጣ ሕዝብ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላ በ1928 ዓ.ም. አየነው። ኃያላኑ መሣሪያ እንዳንገዛ ከለከሉን፤ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ዘነበብን። አያቶቻችን በሬ ሸጠው ጠመንጃ የገዙት ለጌጥ አልነበረም። ዘፈናቸውም ከዚያ ችግር የተወለደ ስለሆነ እውነት አለው።

ይሁን እንጂ ዘፈኑ ጀግንነቱን ከሰውየው ወስዶ ለጠመንጃው ይሰጠዋል። እስቲ አስቡት፤ ከዓድዋ በፊት ባሉት ዓመታት ኢጣሊያ ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃ ሰጥታለች። ጠመንጃ የሰጪውን ልጅ ሲመታ አያፍርም። ዕቃ ነዋ! ክብሩም ነውሩም ያለው ከያዘው ሰውና ሰውየው ከቆመለት ነገር ላይ ነው።

የዓድዋን ባህላዊ ሥዕሎች ተመልከቱ። የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ጠላት በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ሠዓሊው ጠላትን ሥሎታል፤ ሲወድቅ፣ ሲደማ እናየዋለን። በቪዲዮ ክሊፑስ? ጠመንጃው አለ፣ ዝናሩ አለ፣ ተራራው አለ። የሚመታው ሰው የለም። ጥይቱ ይተኮሳል፣ የትም አያርፍም። ያማረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ያኔም በፉከራ ሞቅ ብሎ የጎረቤቱን ደም ያፈሰሰ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት፣ በየወገኑ ጠመንጃ ያነሳ ዘፈን ነበር። ዜማው ደም ያሞቃል። ጥይቱ ያን ጊዜ የት እንዳረፈ እናቶችን መጠየቅ ነው።

ታዲያ ቀረርቶ ይቅር ልል ነው? በፍጹም። እሱን ማጥፋት የአያቶችን ድምፅ መንጠቅ ነው። የምለው፣ የልጅቷ ጥያቄ ከዘፈኑ ጋር አብራ ትሂድ ነው። ማንን? ስለ ምን? መልስ ያለው ያቅራራ። መልስ የሌለው ደግሞ እስክስታውን ይምታ፤ ሠርግ አይደል?

እሑድ ቤት ትመጣለች። "ዝም ብሎ ዘፈን ነው" ያልኳትን እመልሳለሁ። ሰውየው ማንን ሊመታ እንደነበር ራሱም እንደማያውቅ፣ እኛም እልል ስንል እንዳልጠየቅነው እነግራታለሁ።