ያልጠየቁንን የመንገር ግዴታ አለብንን?



ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን እዚሁ ጠመንጃ ያዥ፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ከቆመች አሮጌ መኪና የተገኘ ነው። ጥያቄውም አጭር ነው። አንድ ሻጭ፣ ገዢው ያልጠየቀውን ጉድለት ሳይናገር ቢቀር ዋሸ ይባላልን? ብዙዎቻችን «እንዴታ!» ለማለት እንቸኩላለን። እኛም ጉዳዩ በእጃችን እስኪገባ ድረስ እንደዚያው እንቸኩል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ለባለቤታቸው ትተውላቸው ከሄዱት ጥቂት ንብረት አንዱ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረች ቮልስዋገን ናት። ጎማዋ ተንፍሶ፣ መስተዋትዋ አቧራ ጠጥቶ፣ የጎረቤት ዶሮ በኋላ ወንበርዋ ላይ እንቁላል እየጣለችባት ትኖር ነበር። ባለፈው ዓመት የግንቦት ልደታን አክብረን ስንመለስ እትዬ ቡና ጠርተውን፣ «እናንተ ልጆች ጊዜም ጉልበትም አላችሁ። ይህችን መኪና አስነሡልኝና እንሽጣት፤ ለቤት ኪራዬ ትሆነኛለች» አሉን። አራት ነን፤ ሦስታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስንሆን አንደኛው ቴክኒክ ተምሯል። እርሱ ባይኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍም አይኖርም ነበር፤ የቀረነው ሦስታችን ስለ መኪና የምናውቀው ታክሲ ውስጥ መቀመጥን ብቻ ነውና።

ቮልስ ለድኻ ኪስ የተፈጠረች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሞተርዋ ከኋላ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑም ራዲያተር የላት፣ የሚፈላ ውሃ የላት። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት 4 ዋና ብሎኖች ሲፈቱ ከሥር ይወርዳል፤ እኛም ተጋግዘን አውርደን በአሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥነው። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች ዕቃዋ ከዓለም አልጠፋም። በሀገራችን ታሪክም ስሟ አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። እትዬ ይህን እያነሡ «ንጉሥ የተቀመጠባት ናት፤ አትናቋት» ይሉናል፤ ያቺኛዋ የእርሳቸው እንዳልሆነች ግን ራሳቸውም ያውቃሉ።

አንባቢ «ይህን ያህል ላረጀ ብረት ማን ገንዘብ ይሰጣል?» ይል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ መጣሉ ይታወሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም አንድ መምህር ከዚያ በፊት ገብተው በከተማው ውስጥ ከሚዞሩት አሮጌዎች መካከል ይፈልጋል እንጂ ወዴት ይሄዳል?

ከየኪሳችን አዋጣን፤ ማስጠናት የምንሠራውም ያገኘነውን ጨመርን። የሰፈራችን መካኒክ ጋሼ ገንዘባችንን ቆጥረው ሲያበቁ ሳቁና፣ «መኪና መጀመሪያ ይቁም፤ ከቆመ በኋላ ይሂድ» አሉን። ያልገባንን ሲያብራሩልን ከሁሉ በፊት ፍሬኑን ሥሩ ማለታቸው ነው። እኛ ግን ልባችን ያለው ቀለሙ ላይ ነበር። አንደኛችን እንዲያውም የሚያብረቀርቅ ቸርኬና ጥሩ ቴፕ የት እንደሚገኝ አጣርቶ መጥቶ ነበር። ጋሼ አልሰሙትም። ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርደን የፍሬን ሸራና የሲሊንደሩን ጉሚኒ ገዛን። ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ጎማ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ለወጥነው፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ስንቱን ቮልስ አቃጥሏል። ካርቡራተሩ ታጠበ፤ ካንዴላና ፑንቲና ተቀየረ። የጥንቱ የ6 ቮልት መብራት ከኩራዝ ስለማይሻል ዲናሞውን፣ ባትሪውን፣ አምፖሎቹን በሙሉ ወደ 12 ቮልት አዛወርነው። በሐምሌ አንድ ምሽት ሞተሩ ሲነሣ እትዬ እልል አሉ፤ ዶሮዋም ለመጨረሻ ጊዜ ከግቢው ወጣች።

በዚህ መካከል ከመካከላችን የፍልስፍና ተማሪው የታወቀውን የግሪኮች የመርከብ ጥያቄ አነሣ። ሳንቃው ሁሉ አንድ በአንድ ከተለወጠ መርከቡ ያው የቀድሞው ነውን? የእኛይቱስ የአጎታችን ቮልስ ናት ወይስ የሶማሌ ተራ? ጥያቄው ያምራል፤ ፍሬን ግን አይይዝም። ስለዚህ ትተነው ወደ ወለሉ እንሂድ።

በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ዓመት ከዓመት ሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። እኛም የኋላ ወንበሩን አንሥተን ምንጣፉን ስንገልጥ የግቢውን ድንጋይ አየን። የቴክኒኩ ልጅ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። ትክክለኛው ሥራ የበሰበሰውን ሁሉ ቆርጦ ማውጣትና አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። የብየዳው ዋጋ ግን ከቀረን ገንዘብ በብዙ ይበልጥ ነበር፤ ቀለሙም ገና አልተቀባም። አንድ ላሜራ ቀጥቃጭ ሌላ መንገድ አሳየን። ስስ ቆርቆሮ ከላይ ይነጠፋል፣ በሪቬት ይያዛል፣ ዳር ዳሩ በስቱኮ ይደፈናል፣ ከሥርም ከላይም ሬንጅ ይቀባል፤ ምንጣፉ ሲመለስ «ማን ያየዋል?»

አደረግነው። ሌላ ሰው አይደለም ያደረገው፤ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስነው እኛው ነን። በተረፈው ገንዘብ ሰማያዊ ቀለም አስቀባናት፤ ቸርኬዋንም ብርማ አደረግንላት። የሰፈሩ ልጆች ከብበው ሲያጨበጭቡልን ወለሉን ረስተነው ነበር ብንል አብዛኛው እውነት ነው።

ገዢው የመጡት በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቅዳሜ ነው። የልጆች አባት ናቸው፤ ትምህርት ሳይጀመር ለልጆቻቸው ማመላለሻ የምትሆን መኪና ይፈልጋሉ። አስተዋይ ሰው ነበሩ። ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አውጥተው በሩን፣ ፓራፋንጎውን፣ ኮፈኑን አንድ በአንድ ነኩ፤ ማግኔት በላሜራ እንጂ በስቱኮ ላይ አይጣበቅምና። ሁሉም ያዘ። ከኋላ ወንበር ሥር ግን ማንም ማግኔት አያስጠጋም። ሞተሩን አዳመጡ፤ ፍሬኑን ሞከሩ፤ ወደዱ። አብራቸው የመጣችው ትንሽ ልጃቸው ደግሞ ከኋላ ገብታ ወንበሩ ላይ መዝለል ጀመረች። የቮልስ የኋላ ወንበር ሥሩ የሽቦ ሞላ ነው። የባትሪው ክዳን ከሌለ ወይም ባትሪው ቦታውን ከለቀቀ ሞላው ከባትሪው ራስ ጋር ተነካክቶ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል ጋሼ በሰኔ ነግረውን ነበር። አራታችንም እርስ በርስ ተያየን። ማናችንም አልተናገርንም። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንጨርስ» ብለን ሸኘናቸው።

ያን ሌሊት የተከራከርነውን ሁሉ ለመጻፍ ይህ ገጽ አይበቃም። አንደኛው ወገን እንዲህ አለ። በዚህ አገር ያልተለወጠ መኪና የትኛው ነው? በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ በመዶሻ አካል እየተሠራለት ሕዝብ ሲያጓጉዝ የኖረው ቅጥቅጥ ምንድን ነው? ከኋላው ትይዩ አግዳሚ ተገጥሞለት ተሳፋሪዎችን ፊት ለፊት ያስቀምጥ የነበረው ውይይት ታክሲስ ከፋብሪካ እንዲያ ሆኖ ነው የወጣው? ይህ ክርክር ለጊዜው አፋችንን ዘግቶት ነበር። በኋላ ግን ልዩነቱን አየነው። በውይይት የተሳፈረ ሰው የጭነት መኪና ላይ አግዳሚ ተገጥሞ መቀመጡን ጉልበቱ ከሌላው ጉልበት ጋር ሲጋጭ ይነግረዋል። ቅጥቅጥም ስሙን አልደበቀም፤ መቀጥቀጡን እየተናገረ ነው የሚጠራው። ስለዚህ መለወጥ ራሱ ማታለል አይደለም። እኛም 12 ቮልት ማድረጋችንን ለገዢው በኩራት ነግረናቸዋል።

የፍልስፍና ተማሪው በዚህ ጊዜ ሲሴሮ የተባለው ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች የጻፈውን መጽሐፍ አስታወሰን። በሦስተኛው ክፍል ሁለት የስቶይክ ፈላስፎች፣ መምህሩ የባቢሎኑ ዲዮጋንና ተማሪው አንቲጳጥሮስ፣ በእኛው ጉዳይ ላይ ቆመው ይታያሉ። አንድ ሰው ከእርሱ በቀር ማንም የማያውቀው ጉድለት ያለበትን ቤት ሊሸጥ ነው፤ ይንገር ወይስ አይንገር? አንቲጳጥሮስ አለመንገር መንገድ ለጠፋው ሰው መንገዱን ከመከልከል አይሻልም ይላል። ዲዮጋን ግን ሻጩ ማንንም አላስገደደም፣ ገዢው ዐይን አለው፣ ዝም ማለትና መደበቅም አንድ አይደሉም ባይ ነው። ሲሴሮ የፈረደው ለአንቲጳጥሮስ ነው። ከእኛ መካከል ግን ሁለቱ ለዲዮጋን ፈረዱ። እንዲያውም አንዱ በመጽሐፈ ምሳሌ ገዢም ዕቃውን አጣጥሎ ከገዛ በኋላ በመንገዱ እንደሚመካ የተነገረውን አንሥቶ፣ «ገዢስ መቼ ሁሉን ይናገራል?» ሲል ሞገተ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በነገሩ ገብቶበታል። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን ዋስትናው አይሠራም። ሕጉ ለኋላ ክስ ይጠቅማል። ከእኛ ፊት የነበረው ግን የሚቀጥለው ቀን እሑድ ነበር።

ክርክሩን የለወጠው የቴክኒኩ ልጅ ነው። ከሁላችን ያነሰ ያነበበ እርሱ ነው፤ ወለሉን በእጁ የነካም እርሱ ነው። «እኛ መቼ ዝም አልን?» አለ። እውነቱን ነው። የዲዮጋን ሻጭ ዝም ያለ ሰው ነው፤ ቤቱን እንዳለ ትቶ አፉን ብቻ ዘግቷል። እኛ ግን ቆርቆሮ አንጥፈን፣ ስቱኮ አልስልሰን፣ ሬንጅ ቀብተን «ይህ ወለል ደኅና ነው» ብለናል። ያለ ምላስ መናገር ይቻላል፤ ተናግረንማል። ስለዚህ እኛን የሚመለከተን ጥያቄ ያልተጠየቁትን መናገር ሳይሆን የተናገሩትን ማረም ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ አንድ ሌላ ከባድ ነገር ነበር። ገንዘቡ የእኛ አይደለም። በገዛ ኪስ ሐቀኛ መሆን ቀላል ነው፤ በእትዬ የቤት ኪራይ ሐቀኛ ለመሆን ማን ፈቀደልን? በማለዳ ሄደን ሁሉን ነገርናቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ ወለሉን አላየሁትም። ያያችሁት እናንተ ናችሁ። ታዲያ ለምን አሳያችሁኝ?» አሉን። ይህን የመሰለ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ጠይቆን የሚያውቅ መምህር የለም። ሸክማችንን አካፍለናቸው እንጂ ምክር አልጠየቅናቸውም ነበር። በመጨረሻ «የነገራችሁኝን ንገሩዋቸው፤ ኪራዩ ግን የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ነው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ለገዢው ነገርናቸው። ምስጋና ጠብቀን ነበር፤ ይህንንም አንደብቅም። እርሳቸው ወንበሩን አንሥተው ምንጣፉን ገለጡ፤ ሬንጁን በቁልፍ ጫሩት፤ ከዚያም ቀና ብለው፣ «ትናንት ልጄ እዚህ ላይ ስትዘል አራታችሁም ቆማችሁ ታዩ ነበር» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። መኪናዋንም አልገዙም። በዋጋ ቅናሽ እንዲወስዷት ብንለምናቸው በሩን ከፍተው ወጡ።

ከመካከላችን አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ ሰውየው አጥፍተዋል ይላል፤ እውነቱን የነገራቸውን ሰው መቅጣት ሌላውን ዝም እንዲል ማስተማር ነውና። ሦስታችን አንስማማም። ከቅዳሜ እስከ እሑድ የነበረው አንድ ሌሊት ለእኛ የክርክር ሌሊት ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ልጃቸው እሳት ላይ የዘለለችበት ቀን ማግስት ነው።

የዚያን ወር ኪራይ ከማስጠናት ባገኘነው ከፈልን፤ እትዬ ሳይወዱ በግድ ተቀበሉ። ሬንጁን አንሥተን፣ ሪቬቱን ነቅለን፣ የበሰበሰውን ቆርጠን አውጥተናል። ቮልሷ አሁን ወለል የላትም፤ የጎረቤቷ ዶሮም ተመልሳለች። ላሜራው ተገዝቷል፤ ለበያጁ የሚከፈለው ገና አልሞላም። ከአንባብያን መካከል የብየዳ ሙያ ያለው ወንድም ወይም እኅት ቢገኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እዚያው ግቢ ነን፤ ቡናውን እትዬ ያፈላሉ።