ወደ ምዕራብ የሄዱት ራስ

በጽጌ ጾም ደምበጫ ላይ ስለ እመቤታችን ስደት ሳስተምር አንድ ልጅ «የኔታ፣ መሪ አገሩን ለቆ ቢሄድ ኃጢአት ይሆንበታል?» አለኝ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን አነሣሁለት።

ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጃምን ያስተዳደሩት ራስ እምሩ፣ ሽሬ ላይ በጣልያን ተሸንፈው ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ብዙ ወዳጅ አልጠበቃቸውም፤ ጎጃሜው የቀድሞ ገዥውን የራስ ኃይሉን መሻር አልረሳም። ስለዚህ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎሬ ወረዱ። ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ወጣቶች ጋር ሆነው ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ጣልያን ፖንዛ ደሴት አሰራቸው።

 

እግዚአብሔር የሚጠይቀው ማንን ይዘህ ሄድህ ብሎ ይመስለኛል። እመቤታችን የሸሸችው ሕፃኑን ታቅፋ ነው። ራስ እምሩም የሄዱት ሠራዊታቸውን ይዘው፣ ውጊያውን ለመቀጠል ነው። ስለዚህ በእኔ ዘንድ ከዳተኛ አይባሉም። በኋላም መሬታቸውን ለገበሬዎች ያከፋፈሉ ሰው ናቸው።