በሌላው ረኀብ ላይ እንቢ ማለት ይገባልን?

ሰው ከፊቱ የቀረበለትን ማዕድ ስለ ኅሊናው ብሎ ቢተወው የሚነቅፈው አይገኝም፤ የሚራበው እርሱ ራሱ ነውና። ነገር ግን እንቢ ባዩ አንድ፥ የሚራበው ሌላ በሆነ ጊዜ ፍርዱ እንዴት ይሆናል? በዛምቢያ አገር የሆነው ነገር ይህን ጥያቄ ገልጦ ያቀርብልናልና፥ አንባቢ ሆይ፥ በትዕግሥት ተመልከተው። ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው።

በ2002 በአፍሪቃ ደቡባዊ ክፍል መከሩ ስለ ጠፋ በስድስት አገሮች ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ርዳታ የሚያሻው ሆነ፤ በዛምቢያ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበረ። የአሜሪካ መንግሥት በዓለም የምግብ ፕሮግራም አማካይነት በቆሎ ላከ። በዚህ መካከል ግን ዘረ መሉ በሊቃውንት ጥበብ የተለወጠ በቆሎ ተቀላቅሎ ነበረ፤ ይኸውም ተባይን ወይም የአረም ማጥፊያ መድኃኒትን እንዲቋቋም ከሌላ ፍጥረት ዘረ መል የተጨመረበት ነው። ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ አንቀበልም አሉ፤ ሊቃውንቶቻቸውንም ወደ ውጭ አገር ልከው ካስጠየቁ በኋላ በዚያው ዓመት ውሳኔውን አጸኑት። አስቀድሞ ወደ አገር የገባውም እህል ተመልሶ ወጣ።

ምክንያታቸው አንዱ ስለ ጤና፥ ሁለተኛው ስለ ንግድ ነበረ። ስለ ንግድ ያሉት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የበቆሎ ፍሬ ምግብም ዘርም ነው። ገበሬ ከተሰፈረለት ጥቂቱን ለዝናብ ወራት ማስቀመጡ አይቀርም፤ ከተዘራም በኋላ ነፋስ የአበባውን ዱቄት ከማሳ ወደ ማሳ ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ይህ የእኔ፥ ያ የእርሱ ብሎ መለየት ጭንቅ ነው። ዛምቢያ ደግሞ አትክልትን ወደ አውሮጳ የምትሸጥ አገር ነበረች፤ አውሮጳውያንም ከ1998 ጀምረው አዲስ ልውጥ ዘር መፍቀድን አቁመው ነበር። ስለዚህ የዛሬው ርዳታ የነገውን ገበያ ይዘጋብናል ብለው ፈሩ።

እዚህ ላይ የባለጠጎቹን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ግፍ ይሆናል። አውሮጳውያን ልውጥ እህል ከገበታቸው እንዳይደርስ ሲጠነቀቁ፥ ከብቶቻቸውንና አሳማዎቻቸውን ከባሕር ማዶ በመጣ ልውጥ አኩሪ አተር ይቀልቡ ነበር። አሜሪካውያንም በ2003 ከካናዳና ከአርጀንቲና ጋራ ሆነው በዓለም የንግድ ድርጅት ፊት አውሮጳን ከሰሱ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም የአውሮጳ እንቢታ በአፍሪቃ ረኀብን ለማጥፋት የሚደረገውን ሥራ ያሰናክላል ብለው ተናገሩ። ቃሉ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ነገር ግን የተናጋሪው አገር ገበሬዎች የሚሸጡት በቆሎ ነበራቸው። በ2006 ዳኞቹ አውሮጳ ያለ አግባብ አዘግይታለች ብለው ፈረዱ፤ እህሉ ደኅና ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ግን አልፈረዱም። ድኻውን ሁለቱም ወገኖች ለማስረጃ ጠሩት፤ የጠየቀው የለም።

ማላዊ፥ ሞዛምቢክና ዚምባብዌ ሌላ መንገድ አገኙ፤ በቆሎው ተፈጭቶ ይግባ አሉ። ዱቄት አይዘራምና። እርግጥ ነው፥ ማስፈጨት ወጪ ይጨምራል፥ ዱቄትም እንደ ፍሬው ብዙ ጊዜ አይቈይም። ዛምቢያ ግን ዱቄቱንም እንቢ አለች። እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሯ የደከመው በዚህ ነው። ፍሬውን መከልከሏ ጥንቃቄ ነበረ፤ ዱቄቱን በከለከለች ጊዜ ግን የንግዱ ምክንያት ወድቆ የጤናው ብቻ ቀረ። ያንኑ ዐይነት በቆሎ አሜሪካውያን ራሳቸው ለዓመታት ሲበሉት ኖረዋል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም የሚያስፈራ አይመስልም ብሎ ነበር። በሉሳካ ያሉ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን መንግሥቱን ደግፈው ጻፉ፤ ለድኻው ገበሬ ዘር ተቈርቍረው ነበርና በክፉ አንነቅፋቸውም። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈ ጊዜ፥ ስለ ደካማው ወንድም ኅሊና መብሉን እተዋለሁ ያለው ራሱ ነው፤ ደካማው ወንድሜ ይተውልኝ አላለም።

በኋላ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ያልተለወጠ እህል ከሌላ ስፍራ ፈልጎ አመጣ፥ በ2003ም መከሩ መልካም ሆነ፤ የተፈራው እልቂት አልደረሰም። ስለዚህ ውሳኔው ቅን ነበረ የሚሉ አሉ። እህሉ እስኪመጣ ድረስ ባዶ ድስት ይዛ የጠበቀች እናት ግን ይህን ንግግር እንደ ምን ትሰማው ይሆን?

ክርክሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በጥር 2000 በሞንትሪያል የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል፥ ፍጹም ማረጋገጫ ባይገኝም እንኳ አገር ለጥንቃቄ ልውጥ ዘርን ይከለክል ዘንድ መብት ሲሰጥ፥ ስለ አፍሪቃ አገሮች ዋና ተደራዳሪ ሆነው የተሟገቱት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ኢትዮጵያ በ2009 ጠንካራ ሕግ አወጣች፤ በ2015 አላላችው፤ በ2018 ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ ፈቀደች። ኬንያም በ2012 የጣለችውን ክልከላ በ2022 ድርቁ በጸና ጊዜ አነሣች። ጥጥ አይበላምና ነገሩ ይቀልላል፤ በቆሎ ሲሆን ግን የሚጠየቀው ማን ነው? በአዳራሽ የተቀመጠው ሹምና ነጋዴ ብቻ ነውን፥ ወይስ ዘሩን በቅል አኑሮ ዝናብ የሚጠብቀው፥ ለማታም የሚበላው ያጣው ጭምር?